መቃኞው ከመፍረሱ በፊት፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤያትና የምሥረታ በዓል ኮሚቴዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮችና የበዓል ኮሚቴ አባላት፤

በአጥቢያ መዛግብትና በቅርስ ምዝገባ ሥራ የምንሳተፍ ምእመናን ነን። የምንጽፍላችሁ በከተማዋ ዳር ላላችሁት ነው፦ በእንጦጦና በየካ ተራሮች ሥር፣ በኮተቤ፣ በአያት፣ በአቃቂ፣ በቂሊንጦ፣ በጀሞ፣ በአስኮ። የምንለምነው አንድ ነገር ነው። አሮጌውን ሕንፃ ወይም መቃኞውን (ጊዜያዊውን ቤተ ክርስቲያን) ከማፍረሳችሁና የበዓሉን መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት፣ አጥቢያው ለሰው የሠራውን ከመዝገቡና ከአዛውንቱ አንደበት አውጥታችሁ ጻፉት።

የምሥረታ በዓል መጽሔቶችን ስናገላብጥ አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ከፊት የአባቶች ፎቶግራፍና መልእክት ይቀድማል፤ ግማሽ ገጽ ታሪክ ይከተላል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው የሕንፃው ወጪ፣ የብረቱና የሲሚንቶው ብዛት፣ የለጋሾቹ ስም ነው። በዚያች ግማሽ ገጽ ውስጥ ንጉሡ አሉ፣ መሬቱን የሰጡት ባላባት አሉ፣ ታቦቱን ይዘው የመጡት አባት አሉ። ዕድሜውን መቃብር ሲቆፍር የኖረው ሰው፣ ለሰፈሩ ልጆች ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ፣ በየእሑዱ ለነዳያን የጋገሩት የሰንበቴ እናቶች ግን የሉም። «አጥቢያችን ዘርፈ ብዙ ማኅበራዊ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ትበቃለች ተብላ ትገባለች። ስንት ሰው፣ ምን ያህል ጊዜ፣ በማን ገንዘብ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ከዚህች ዐረፍተ ነገር የሚያገኘው የለም።

የዳርቻ አጥቢያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከተማው ሳይደርስበት የገበሬ ደብር የነበረና ኋላ በአስፋልትና በግንብ የተከበበ ነው። ሁለተኛው ሰፈሩ ራሱ ሲወለድ አብሮ የተወለደ፣ በተለይም የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከየቀበሌው ቤት የተነሣው ሕዝብ በሰፈረበት ቦታ በቆርቆሮ መቃኞ የተጀመረ ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ሥራ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ቸኩላችሁ ልትፈልጉ የሚገባው ከመሬቱ ተነሥቶ የሄደውን ገበሬ ነው፤ ደብሩን አርሶና ግብሩን ከፍሎ ያኖረው እርሱ ሆኖ ሳለ ዛሬ በሰበካው ዝርዝር ላይ ስሙ ላይኖር ይችላል። ብዙዎቹ የሚያስታውሱትን የሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቃላቸውን በተናገሩበት ቋንቋ ቅዱ፤ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ዕድላችሁ ትልቅ ነው። መሥራቾቹ በሕይወት አሉ፤ ለመጀመሪያዋ ቅዳሴ ቆርቆሮውን የተሸከመው ጎረምሳ ዛሬ የአርባ ዓመት ሰው ነው። «ገና ሃያ ዓመታችን ነው፣ ምን ታሪክ አለን?» የሚለው ሐሳብ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰው በእነዚህ አጥቢያዎች ላይ ነው።

ከዘመኑ እንጀምር፤ የመጀመሪያው ስሕተት ሁልጊዜ እዚያ ነውና። «መቼ ተመሠረተ?» የሚለው ጥያቄ ለአንድ አጥቢያ ቢያንስ ሦስት መልስ አለው፦ ታቦቱ የገባበት፣ የሕንፃው መሠረት የተጣለበት፣ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረበት (ሕንፃው ተባርኮ የተመረቀበት)። በመካከላቸው ብዙ ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ተመልከቱ፤ ግንባታው ከጣልያን ወረራ በፊት ተጀምሮ፣ በወረራው ተቋርጦ፣ ከነጻነት በኋላ ተፈጸመ። አንዱ ሽማግሌ የመሠረቱን፣ ሌላው የቅዳሴ ቤቱን ዓመት ሲነግራችሁ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የተሳሳተው ሁለቱን ደምሮ አንድ ያደረገው ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ለየብቻ ጻፉ፤ ያልተገኘውን ቦታ ባዶ ተዉት።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። እንጦጦ ማርያም ዛሬ የከተማዋ ዳር ናት፤ ያኔ ግን ቤተ መንግሥቱ ያለው እንጦጦ ላይ ነበርና ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት በእርሷ ነው፤ ቀኑም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። በውጭ መጻሕፍት ይኸው ቀን 1889 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ያንን ቁጥር እንዳለ ወስዶ «ዓ.ም.» የሚል ቅጥያ ያስከተለ ጸሐፊ፣ ዘውዱን በ1888 ዓ.ም. ከሆነው ከዓድዋ ድል በኋላ አደረገው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ልዩነቱ 8 ነው ብሎ 1881 ይጽፋል። ልዩነቱ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት መግቢያ ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 መሆኑን አትርሱ። አንድ ቀን የሚያዛንፍ ወጥመድም አለ። ፈረንጆቹ በ1900 ዓመታቸው የካቲትን 29 ስላላደረጉ፣ ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት የእኛ መስከረም 1 የሚውለው በእነርሱ መስከረም 11 ሳይሆን በ10 ነበር። የዛሬውን መቀየሪያ ይዞ የምኒልክን ዘመን ደብዳቤ የሚመልስ ሰው በአንድ ቀን ይስታል፤ የአንድ ቀን ስሕተት ደግሞ የበዓሉን ታቦት ይለውጣል።

በአሮጌ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ዓመቱ ሳይጻፍ «በዘመነ ማርቆስ» ተብሎ ብቻ ቢገኝስ? ባሕረ ሐሳብን (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌትን) የተማሩ አባቶቻችሁን ጥሩ፤ ስሌቱ በእጃቸው ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። 1882 ላይ 5500 ሲደመር 7382 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ የዘውዱ ዓመት ዘመነ ማርቆስ ነው ማለት ነው። ጽሑፉ ከወንጌላዊው ሌላ ቀኑንና ዕለቱን ካስቀመጠ ግን ሥራው ይቀላል፤ ሦስቱ የሚገጥሙት በየ28 ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። የካቲት 23 በዘመነ ዮሐንስ እሑድ የዋለው በ1860፣ በ1888 እና በ1916 ዓ.ም. ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፉ ውስጥ የተጠራው አለቃ ወይም ንጉሥ ይነግራችኋል።

ረቂቁ ሲጠናቀቅ ደግሞ ቃላቱን መርምሩ። ቃላት ዘመናቸውን ያጋልጣሉ። «በምኒልክ ዘመን፣ በ1910 ዓ.ም.» የሚል ካገኛችሁ አንዱ ስሕተት ነው፤ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ከ1951 ዓ.ም. በፊት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን መሪ «ፓትርያርክ» ብሎ የጠራ ሰነድ ኋላ የተጻፈ ነው፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በዚያ ዓመት ነውና። «ሰበካ ጉባኤው በ1940ዎቹ ወሰነ» የሚለውም አይሆንም፤ የዛሬው ሰበካ ጉባኤ መልክ የያዘው በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ (የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ) ነው። «ቀበሌ»ም እንዲሁ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር የመጣ ነው። ይህን የምንለው አፈ ታሪክን ለማጣጣል አይደለም። የየካን ዋሻ ሚካኤል ውሰዱ፦ ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስዳታል፤ ተመራማሪዎች የዓለቱን ሥራ አይተው ከዚያ በእጅጉ ዘግይታ በመካከለኛው ዘመን የታነጸች ያደርጓታል። ሁለቱንም፣ የየትኛው ምንጭ ቃል እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ይቻላል። የማይቻለው አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ አንድ ዓመት ማውጣት ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ፤ ዋናው ሀብታችሁ ያለው እዚህ ነው። የክርስትና መዝገብ፣ የጋብቻ መዝገብ፣ የፍትሐትና የመቃብር መዝገብ፣ የስእለትና የሙዳየ ምጽዋት ሒሳብ፣ የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የአብነት ተማሪዎች ዝርዝር፣ የሰንበቴው ደብተር። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ እጅግ ብዙ ሰው የመወለዱ የጽሑፍ ማስረጃ የክርስትና መዝገባችሁ ብቻ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ የልደቱ ቀን ባይጻፍ እንኳ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል፤ ሕፃኑ ታምሞ ቀኑ ከተዛባ ግን ካህኑ በዳር ማስታወሻ ይይዙታልና ዳሩን ሳታነቡ አትቁጠሩ።

እነዚህ መዝገቦች የሚጠፉት በእሳትና በጦርነት ብቻ አይደለም። በርግጥ ያም ደርሷል፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማግስት መናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ ተቃጥሏል። ይሁን እንጂ የዛሬው ትልቁ ጠላት ርክክብ ነው። በቃለ ዓዋዲው የሰበካ ጉባኤ ዘመን 3 ዓመት ነው። ተመራጩ ሲወርድ ሙዳየ ምጽዋቱና የባንክ ደብተሩ በጥንቃቄ ይቆጠራሉ፤ ቃለ ጉባኤው ግን ጸሐፊው ቤት ይቀራል። ጸሐፊው ቤት ሲቀይር ወይም ሲያርፍ ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ለሱቅ መጠቅለያ ይሰጠዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በርክክብ ቅጹ ላይ ከገንዘቡ ቀጥሎ «መዛግብት» የሚል ክፍል ይጨመር፤ እያንዳንዱ መዝገብ በቁጥር፣ በገጽ ብዛት፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። ባለፉት አራት ምርጫዎች ጸሐፊ የነበሩትን ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ፍሬ ያለው ፍለጋ ይህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። የመቃብር መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የክርስትና ስምን ብቻ ነው፤ ለፍትሐቱ የሚያስፈልገው እርሱ ስለሆነ። ነገር ግን በአንድ አጥቢያ ውስጥ በአንድ ዓመት ስንት ወልደ ሚካኤልና ስንት ወለተ ማርያም ያርፋል? የዓለም ስም፣ የአባት ስም፣ የእድሩ ስምና የመቃብሩ ረድፍ ከሌለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ አጽሙን ሊያገኘው አይችልም። መካነ መቃብሩ ለመንገድ ወይም ለግንባታ ሲነሣ ደግሞ ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከእድሮቹ ጋር አመሳክሩ። እድር የቤተ ክርስቲያን አካል ባይሆንም ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን ለማን እንዳወጣና መቼ እንዳወጣ ይጽፋል፤ የእናንተ መዝገብ የጎደለውን ስም ከዚያ ታገኙታላችሁ።

የ1967 ዓ.ም. አዋጆች የአጥቢያን ኑሮ እንዴት እንደለወጡ ያላየ ታሪክ ደግሞ አገልግሎቱን ሊያስረዳ አይችልም። ከዚያ በፊት ካህኑ የሚያርሰው የሰሞን መሬት፣ ደብሩ የሚያከራየው ቤት ነበረ። መሬቱ በየካቲት፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ ወር ሲወሰድ አገልግሎቱ በምእመናን የአባልነት ክፍያ፣ በስእለትና በሙዳየ ምጽዋት ላይ ወደቀ። ይህን ሽግግር በቁጥር ካላሳየነው «ድሮ ደብሩ ሀብታም ነበረ» ከሚል ወሬ አያልፍም። ከ1967 በፊት የተጻፈ የኪራይ ደረሰኝ፣ የግብር ወረቀት ወይም የርስት ክርክር ደብዳቤ በዕቃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ካለ «ዋጋ የለውም» ብላችሁ አትጣሉ። የዛሬውን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ስትጠይቁም ያገለግላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 398 ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሕግ ሰውነት ይሰጣል፤ ድንበሩ እስከ የት እንደሆነ የሚያስረዳው ግን አሮጌው ወረቀት ነው።

አገልግሎቱን እንዴት እንቁጠር? ከሰንበቴ ጀምሩ፤ መልኩ በጣም ግልጽ ነውና። ለምሳሌ 26 አባላት ያሉት ሰንበቴ በዓመት 52 እሑድ ሲገናኝ እያንዳንዱ አባል ሁለት ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። በአንድ እሑድ 40 ነዳያን ቢቀምሱ በዓመት 2,080 ማዕድ ነው። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ አንባቢ ሊፈትሽ ይችላል፤ «በሺዎች የሚቆጠሩ ነዳያን» የሚለውን ግን ማንም ሊፈትሽ አይችልም። በጾም ወራት መልኩ ይለወጣል፣ በክረምት ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዓመት ሳታዩ አታባዙ። በየወሩ በጻድቅ ወይም በሰማዕት ስም የሚሰበሰቡ የጽዋ ማኅበራትን ከሰንበቴው ጋር አትቀላቅሉ፤ አንድ ሰው በሁለቱም ስለሚኖር ድርብ ቆጠራ ይሆናል።

የአብነት ትምህርት ቤት ከሆነ የንባብ፣ የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ቤት ተማሪዎችን ለይታችሁ ቁጠሩ። መምህሩ ከማን እንደተማሩ እስከሚያስታውሱት ድረስ ወደ ኋላ ጻፉ፤ ያ ሐረግ ራሱ ታሪክ ነው። ተማሪው ከየት ክፍለ ሀገር እንደመጣና ማን ዳረጎት እንደሰጠው ካከላችሁበት የሰፈሩ እናቶች ስም በራሱ ጊዜ ይወጣል። ስእለትን አትናቁት። በዓመት ስንት ጃንጥላ፣ ስንት መጋረጃ፣ ስንት እሽግ ጧፍ ገባ? ለምን ተሳሉ? የስእለት ደብተር የሰፈሩ የልብ ትርታ ነው፦ ልጅ ለማግኘት፣ ፈተና ለማለፍ፣ ከእስር ለመፈታት፣ ከስደት ለመመለስ። ምክንያቱን የሚጽፉ አጥቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ መጻፍ ግን አይከብድም፤ ስም ሳይጠራ አንድ ዓምድ መጨመር ነው።

ጠበል ያለባችሁ አጥቢያዎች የተለየ ኃላፊነት አለባችሁ። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ብዙ ሕሙማን ጠበሉን ፈልገው በኪራይ ጎጆ ሰፍረው ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ «ከጠበሉ ጋር አይሄድም» ብለው ያቋረጡ ነበሩ። አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በይፋ ማስተማራቸው የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ነበረ። በአጥቢያ ደረጃ ይህ እንዴት እንደተፈጸመ፣ ማለትም የጠበሉ አጥማቂ ምን አሉ፣ በሽተኛውን ማን ወደ ጤና ጣቢያ ሸኘ፣ ማን አጎረሰ፣ ቤተሰብ ያልመጣለትን ማን ቀበረ የሚለው በአብዛኛው ገና አልተጻፈም። ያዩት ሰዎች እያረጁ ነው።

እዚህ ላይ ግን አጥብቀን የምንናገረው አለ። የተረጂን፣ የሕሙምን፣ ያለ አባት የተጠመቀን ልጅ ስም በመጽሔት አታውጡ። ቁጥሩን አውጡ፣ ሥራውን አውጡ፤ ስሙ በመዝገብ ይቆይ። ፎቶግራፉም እንዲሁ ነው፤ ዳቦ ሲቀበል የተነሣ ሰው ፊት ለመጽሔት ማስዋቢያ አይሆንም። ይህ የምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከንስሐ አባት ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ነገርማ ከጅምሩ አይጠየቅም።

አዛውንቱን ስትጠይቁ አብራችሁ አታስቀምጧቸው። ሁለት ሽማግሌ በአንድ ክፍል ከተቀመጡ የደፋሩ ታሪክ ብቻ ይቀዳል፤ ሌላው «እርሱ እንዳለው ነው» ይላል። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁም አትጀምሩ። በሚያስታውሱት አገራዊ ነገር አስሩት፦ ከጣልያን መውጣት በፊት ነው በኋላ? ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር? መሬት ከታወጀ? ከ1983? ከዚያ ወደ ቤታቸው ውረዱ፦ የበኩር ልጅዎ ክርስትና ሲነሣ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ነበር ወይስ አዲሱ? የልጁን ክርስትና ከመዝገቡ ታገኙታላችሁ፤ ዓመቱም በራሱ ይወጣል። የተናገሩትን ሳታርሙ ጻፉ፤ እርማቱ በግርጌ ይሁን። ሴቶቹን ለየብቻ ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት፣ የሰንበቴውን ቤት፣ የውኃውን ነገር የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳለ በየመጽሔቱ ቃለ መጠይቅ የሚደረግላቸው ሁልጊዜ ወንዶች ናቸው።

ሕንፃው። አፍርሳችሁ ልትሠሩ ከሆነ፣ ያውም ቅርስነት ያለው ከሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 አለ፤ ለጥገናም ቢሆን ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ ሳይመጣ አሮጌውን ክብ ቤተ ክርስቲያን በለሊት ያፈረሰ ኮሚቴ፣ በግድግዳው ላይ የነበረውንም ሥዕል አብሮ ነው ያፈረሰው። የጥንቱ ሥዕል ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳ የተለጠፈ በመሆኑ በባለሙያ እጅ ሊላቀቅ ይችላል፤ በዶማ ግን አይሆንም። ቅርስ ያልሆነ ተራ መቃኞ ቢሆን እንኳ ከመፍረሱ በፊት ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሡት፤ ርዝመቱንና ስፋቱን፣ የምሰሶውን ብዛት፣ የቆርቆሮውን ቁጥር ጻፉ። ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን ምእመን ሊለካ ይችላል፤ መቅደሱን ካህን ወይም ዲያቆን ይለካ። ታቦት ፎቶ አይነሣም፣ አይለካም፤ ይህን ለፎቶ አንሺው አስቀድማችሁ ንገሩት። ከመጀመሪያው መቃኞ አንድ ምሰሶና አንድ ቆርቆሮ ለይታችሁ ዕቃ ቤት አኑሩ። የድንጋይ ደወሉን አትሽጡ።

መዝገቡን በስልክ ማንሣት በቂ ነው፤ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጎ ከላይ ማንሣት፤ ማስመሪያ በገጹ ጎን ማኖር፤ ሽፋኑንና ባዶ ገጾቹን ሳይቀር። አንዱ ሲገልጥ ሌላው ሲያነሣ ባለ 400 ገጽ መዝገብ በግማሽ ቀን ያልቃል። ስሙ «ክርስትና 01 ገጽ 015» ተብሎ ይሰየም፤ ስልኩ የሰጠው ቁጥር ሳይቀየር ከቀረ ከዓመት በኋላ ማንም አያገኘውም። ቅጂው ሦስት ይሁን፦ አንዱ በአጥቢያው ኮምፒውተር፣ አንዱ ከግቢው ውጭ በተቀመጠ ዲስክ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ። በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው ይታዩ፤ ያልተከፈተ ዲስክ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዋናውን መዝገብ ደግሞ በፕላስቲክ አታሳሽጉት፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀለሙን ይበላዋል። እርጥበት የነካው ማኅተም ወይን ጠጅ ቀለሙ ወደ ሌላው ገጽ ይፈሳል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ከወለሉ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ከግድግዳው ይራቅ፣ ጧፍና ዕጣን ከሚቀመጥበት ክፍል ይለይ። ብራና ቢርስ በፀሐይ አታድርቁት፣ በካውያም አትንኩት፤ በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ቁጥር መስጠት ካስፈለገ በእርሳስ ነው እንጂ በእስክሪብቶ አይደለም። በብራና መጽሐፋችሁ ላይ የውጭ ሰው የጻፈው የሚመስል አሮጌ የምዝገባ ቁጥር ካያችሁ አትፋቁት። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በተጀመረውና ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ባነሣው ሥራ ተካቶ ሊሆን ይችላልና ቅጂውን ከቤተ መዛግብት ጠይቁ።

ከእናንተ የምንጠብቀው በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ውሳኔ ነው። ሦስት ሰው ይመደብ፦ ከካህናት አንድ፣ ከምእመናን አንዲት እናት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ወጣት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በቄሰ ገበዙ እጅ ስለሆነ የሥራው ቀንና ሰዓት ከእርሳቸው ጋር ተስማምቶ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከበዓሉ በጀት ለዲስክና ለመዝገብ ሣጥን ይነሣ። ሥራው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት ይሁን፤ በክረምት ብራና አይገለጥም፣ አዛውንቱም ከቤት አይወጡም። መጽሔቱ ሲታተም ሁለት ቅጂ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ አንድ ለሀገረ ስብከቱ፣ አንድ ደግሞ ከአጥቢያው መሬት ተነሥተው ለሄዱት ገበሬዎች ዛሬ ወደሚያስቀድሱበት ደብር ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአጥቢያ መዛግብትና በቅርስ ምዝገባ የምናገለግል ምእመናን